ለኳስ መስመር ለንደን ድረስ

ለንደንን ለማየት አይደለም የሄድኩት። ይህን ከመነሻው የምናገረው ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ትልቁ ሰዓትና ስለ ድልድዩ አነባለሁ ብሎ የተቀመጠ ካለ ከወዲሁ ተነሥቶ ሌላ ሥራውን እንዲሠራ ነው። ሰዓቱን ከአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ፤ ይሠራል። እኔ የሄድኩት ቮሊቦል ለማየት ነው። እሱም ቢሆን አገር የሚያውቀው ውድድር እንዳይመስላችሁ፤ የእኅቴ ልጅ ለኮሌጇ የምትጫወተው፣ ተመልካቹ ከተጫዋቹ የሚያንስበት ቮሊቦል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እኅቴ ሰዓዳ ከደሴ ወጥታ፣ ሱዳን ተንከራትታ፣ ለንደን ከገባች ብዙ ዘመኗ ነው። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ለመንገደኞች ምግብ በትሪ የሚደረድር ትልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አንድ ልጅ አለቻት፣ ሂክማ። ሂክማ ፋርማሲ ትማራለች፤ ቮሊቦልም ትጫወታለች። ለእናቷ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቤት አብረው አያድሩም። በዚህ መሀል አሰልጣኙ ለሚመጣው ዓመት፣ ማለትም ለመጨረሻው የትምህርት ዓመቷ፣ የቡድኑ አምበል ትሁንልኝ አለ። እናት "በመጨረሻ ዓመቷ ኳስ የሚባል ነገር አልሰማም" አለች። ልጅም እምቢ አለች። ስንት ወር ተጨቃጭቀው የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ዳኛ ከውጭ ማስመጣት ነው። ዳኛዋ እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ ይምጡና በዓይንዎ አይተው ይፍረዱ" አለችኝ ሰዓዳ በስልክ። "አንቱ ተይ ካሏት ትተዋለች። ምላልኛለች።"

"ተጫወቺ ካልኳትስ?"

"እንዴ! ለምን ብለው ይሏታል?"

ከዚህ እንደምትረዱት ዳኛዋ የተጠራችው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ነው። የተመረጥኩበት ምክንያት ግን አለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ እኩዮቼ ልጅ አዝለው በሚዞሩበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ስሕተት ሲያይ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ይሆናል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበርኩ፤ የመጽሐፍ ገጽ ያጠፈ ተማሪ ምሬ አላውቅም። ቤተሰቡ "ዘሀራ ለማንም አታደላም" ይላል። ሲያመሰግኑኝ ይሁን ሲያሙኝ እስካሁን አልለየሁም።

ሐሙስ

ከደሴ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ጎረቤቶቼ ሊሸኙኝ ወጥተው ነበር። አንዷ "ልጄን ካገኘሽው ስልክ እንዲያነሣ ንገሪልኝ" አለችኝ። ልጇ የሚኖረው ካናዳ ነው። እሺ አልኳት።

ሌላው መንገደኛ ለብርድ አገር ካፖርት ሲፈልግ እኔ ለመንገዱ የተዘጋጀሁት የቮሊቦል ሕግ መጽሐፍ ከድሮ መሥሪያ ቤቴ ተውሼ ከዳር እስከ ዳር በማንበብ ነው። በተረፈ ሻንጣዬ በዳቦ ቆሎና በበሶ የተሞላ ነበር። እኔ የማውቀው የኮሌጅ ጨዋታ ደሴ የሚደረገውን ነው። እዚያ ግቢው ሲሞላ ሰው አጥር ላይ ይወጣል፣ አጥሩ ሲሞላ ዛፍ ላይ። ደጋፊ ሲጮኽ ይርበዋል። ስለዚህ ለተጫዋቾቹም ለደጋፊውም የሚበቃ ዳቦ ቆሎ አስጠበስኩ። ለስንት ሰው ነው ብትሉኝ፣ ለአንድ አጥርና ለሁለት ዛፍ።

ቅዳሜ

በአውሮፕላን የቀረበልኝ ትሪ ላይ ዳቦው፣ ቅቤውና ሹካው እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው ሳይ የሰዓዳን እጅ ያየሁ መሰለኝና ሆዴ ባባ። በኋላ ስነግራት "እኛ የምንጭነው ከዚህ ለሚነሡት ነው፤ አንቱ የበሉት የአዲስ አበባውን ነው" ብላ አረመችኝ። እኛ ቤት ሰው ሲናፈቅ እንዲህ ነው።

ሂትሮው ላይ አንድ ትሑት ወጣት ሻንጣዬን አስከፍቶ በሶውን በሁለት ጣቱ አነሣ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የተቆላ ገብስ ዱቄት" አልኩት፣ ከመጽሐፍ በተማርኩት እንግሊዝኛ።

"ለምን ያገለግላል?"

"ለመንገድ።"

"መንገድዎ እኮ አልቋል፣ እሜቴ።"

እውነቱን ነው። እሱ ግን ይቅርታ ጠይቆኝ፣ ሻንጣውን ራሱ ዘግቶ፣ እንደገና ይቅርታ ጠይቆኝ አሳለፈኝ። በዚያ አገር ይቅርታ የሚጠየቀው ስለ ጥፋት አይደለም። እግሩን የረገጣችሁት ሰውም እግሩ ከሥራችሁ በመገኘቱ ይቅርታ ይላችኋል።

ሂክማ ውጭ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ቁመቷ ከእናቷ በሁለት ክንድ የሚበልጥ መሰለኝ። አቅፋኝ ከመሬት አነሣችኝ።

"እናትሽስ?"

"ሺፍት ላይ ናት አክስቴ። ያ ግራጫው ቢልዲንግ ይታይሻል? እዛ ውስጥ ናት።"

አገር አቋርጬ መጥቼ እኅቴ ከአጥር ማዶ ሰላጣ ስትከትፍ በባቡር አለፍኳት። ባቡሩ ውስጥ ደግሞ የሰው ድምፅ የለም። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ያወራል። ከደሴ ኮምቦልቻ እስክትደርሱ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የጨጓራውን ታሪክ ጨርሶ የወንድሙን ፍቺ ይጀምርላችኋል። እዚህ አጠገቤ የነበረችው ሴት እስክትወርድ ያደረገችልኝ ነገር ቢኖር ክርኗን መሰብሰብ ነው።

ቤታቸው ዋይት ሲቲ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሰው ሁሉ የሚጎርፍበት ትልቅ የገበያ አዳራሽ አለ፤ ከወዲህ የእነሱ ሕንፃ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። በሩ ላይ በጣም ጨዋ በሆነ ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሣ ቢጫ ሆኗል። ጦሳ ተራራ ሥር ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ደረጃው አልከበደኝም። ሂክማ ሻንጣዬን ተሸክማ ቀደመችኝ። ሰዓዳ ከሥራ ስትገባ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ዓይኗን ሳትጠርግ የልጅቷን ሱሪ ወደ ላይ ሰበሰበች።

"ይዩልኝ! ይዩት ጉልበቷን! ይሄ የፋርማሲ ተማሪ ጉልበት ነው?"

"እማ! አሁን እኮ ገባች!"

"ማስረጃ ነው። ዳኛ ማስረጃ ማየት አለባት።"

ጉልበቷ እውነትም በልዞ ነበር። ሌሊቱን የተኛሁት በሂክማ አልጋ ላይ ነው፤ እሷ ሶፋ ላይ። ትራሴ አጠገብ ጉልበት ላይ የሚታሰሩ ሁለት ስፖንጆች ተቀምጠዋል፤ ጠረናቸው መንገድ ያደከመውንም ያነቃል።

ሰኞ

እሑድን ተኝቼ፣ በልቼና ምክር ሰምቼ አሳለፍኩት። ምክሩ የሰዓዳ ነው፤ ምን ብዬ እንደምፈርድ አስጠናችኝ።

ሰኞ ማምሻውን ሂክማ ልምምድ ወሰደችኝ። አዳራሹ ይበርዳል። መረቡን የወጠሩት፣ ወለሉን የጠረጉት፣ ወንበሩን የደረደሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በሀብታም አገር አንድ ሰው ተቀጥሮ ይሠራዋል ብዬ ነበር። አሰልጣኙ ማሬክ የሚባል ፖላንዳዊ ነው፤ ፊቱ ፈገግታ የሚባለውን ነገር በወሬ ብቻ ያውቀዋል። ወዲያው ወደድኩት።

ከዚያ ጀመሩ። ሁሉም በፉጨት አንድ እርምጃ፣ በፉጨት ሌላ እርምጃ። ኳሱ እጅ፣ ወለል፣ እጅ፣ ወለል ሲመታ ደረቴ ውስጥ አንድ የማውቀው ነገር መታ። እኔ በትምህርት ቤቴ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ የምሸከም ነበርኩ።

አትሳቁ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በዕድሜ እበልጥ ነበር፤ አንዳንዶቹ ተሳስተው "መምህር" ይሉኝ ነበር። የባንዱ አሰልጣኝ ሃምሳ አለቃ ወርቁ፣ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል የተገለሉ፣ ተማሪ ሲመርጡ አዩኝና "ይቺ ትከሻ አላት" ብለው ከበሮውን ጫኑብኝ። ድምፄ የማይሰማ፣ ከመጽሐፍ ቀና የማልል ልጅ ነኝ፤ ከተማው የሚሰማኝ ሆንኩ። ሃምሳ አለቃ ሌላውን ሲሳሳት ያልፉታል። እኔን ግን "ዘሀራ! ጥሩምባ ሲሳሳት ሰው ይስቃል፤ አንቺ ስትሳሳቺ ግን ሰልፉ በሙሉ እግሩ ይጠፋበታል። ዓይንሽ ከፊትሽ አይነሣ! እናትሽ ከዳር ብትጠራሽም አትዙሪ!" ይሉኝ ነበር። በስፖርት በዓል ቀን ቀይ ኮት ለብሰን ከአራዳ እስከ ሆጤ ሜዳ ስንሄድ አልዞርኩም። አባቴ ሴት ልጅ ከበሮ ታጥቃ አደባባይ መውጣቷን እንደ ውርደት አይቶት አንድም ቀን አልመጣም። ከቤታችን የመጣው አንድ ሰው ነው፤ ትንሿ ሰዓዳ። ከሰልፉ ጎን ጎን እየሮጠች።

ልምምዱ ሲያልቅ ሂክማ ላቧን እየጠረገች መጣች።

"እንዴት ነው አክስቴ?"

"አራተኛዋ ልጅ እግሯ ይዘገያል።"

"እኔስ?"

"አንቺን አልፈረድኩም ገና።"

ሳቀች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እማ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልመጣችም፣ ታውቂያለሽ? አንድ ጌም እንኳ አላየችም። ሳታይ ነው ተይ የምትለኝ።"

ረቡዕ

የኮሌጅ ጨዋታ በዚያ አገር ረቡዕ ከሰዓት ነው። ለምን እሑድ እንዳልሆነ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ በሆነበት ሰዓት ለምን እንደተመረጠ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም። ምናልባት ተመልካች እንዳይጨናነቅ ይሆናል።

ጨዋታው ኬኒንግተን አካባቢ፣ በተጋጣሚዎቹ ሜዳ ነበር። ሂክማ ከቡድኑ ጋር ቀድማ ስለሄደች ብቻዬን፣ ዳቦ ቆሎዬን በሁለት ፌስታል ይዤ፣ በአውቶቡስ ተጓዝኩ። ጠፋሁ። ቀይ ጡብ ሕንፃ፣ ቀጥሎ ቀይ ጡብ ሕንፃ፣ ታጥፌ ስሄድ ደግሞ ቀይ ጡብ ሕንፃ። የጠየቅኳቸው ሰዎች በጣም አዝነውልኝ ሄዱ። መጨረሻ ላይ ቆሜ ለራሴ "አሁን ይሄ ሰፈር ከዚያኛው በምን ይለያል?" አልኩ።

"በምንም አይለይም፣ እመቤት" አለኝ አንድ ድምፅ በአማርኛ።

ዞር ስል ባርኔጣ ያደረጉ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው። አቶ ተኽለ ይባላሉ፤ የአስመራ ሰው ናቸው። አማርኛቸው በጃንሆይ ዘመን ትምህርት ቤት የተማሩት ስለሆነ እንዳለ ተቀምጧል፤ የእኔ ከእሳቸው ጎን የገበያ ወሬ መሰለኝ።

"ይህን ያህል ዘመን ኖሬበት እኔም አንዳንድ ቀን የሰው በር አንኳኳለሁ" አሉና አንዱን ፌስታል ተቀበሉኝ። "ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"ቮሊቦል ለማየት።"

ትንሽ አሰቡ። "ለሕክምና የሚሄዱ መስሎኝ ነበር" አሉ። ከዚያ አዳራሹ በር ድረስ አደረሱኝ፤ በሩ ላይም ሳይመለሱ አብረውኝ ገቡ። "ቤት ማንም አይጠብቀኝም" አሉ፤ ወዲያው አፍረው "ዝናብም ሊመጣ ነው" ብለው ጨመሩበት።

አሁን ተመልካቹን ልዘርዝርላችሁ። እኔ። አቶ ተኽለ። ዓይኑን ከስልኩ ያላነሣ የአንዲት ተጫዋች ወዳጅ። አንዲት ምንጣፍ የጠቀለለች ሴትዮ፤ እሷም ጨዋታው አልቆ የእነሱ የሰውነት ማፍታታት ተራ እስኪደርስ የምትጠብቅ። ይኸው ነው። የአጥሩና የሁለቱ ዛፍ ዳቦ ቆሎ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። በዕረፍት ለሁለቱም ቡድን አዞርኩት። አሸናፊም ተሸናፊም እኩል በላ። ምንጣፍ ያላት ሴትዮ ሁለቴ ተመለሰች።

ሂክማን ያየኋት ያን ቀን ነው። አንገቷንና ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አጥብቃ ስትዘል፣ ቤት ውስጥ ሰሐን ስታጥብ የምታቀረቅረዋ ልጅ አይደለችም። ኳሱ የት እንደሚወርድ ከኳሱ በፊት ታውቃለች። ትጣራለች፣ ትቆጣለች፣ የወደቀችውን ታነሣለች።

በመሀል ተጋጣሚዎቹ የመቱት አንድ ኳስ እግሬ ሥር መስመሩ ላይ አረፈ። ባንዲራ ይዛ መስመር የምትጠብቀው ተማሪ፣ እሷም አንድ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው፣ ወጥቷል ብላ ባንዲራውን አነሣች። ነጥቡ ለእነ ሂክማ ሆነ። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

"መስመር የነካ ኳስ አልወጣም!" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ሕጉ እንዲህ ይላል!"

አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ድሮም ጸጥ ያለ ነበር። ዳኛው "ይቅርታ" አለኝና ጨዋታውን ቀጠለ። ሂክማ በዓይኗ በላችኝ። ሲያልቅ አሸንፈው ነበር፤ ቢሆንም እኔ ላይ መጣች።

"አክስቴ! የኛ ነጥብ እኮ ነበር!"

"አልነበረም።"

ከኋላዋ ማሬክ ቆሟል። የተባለውን ሂክማ ተረጎመችለት። አሰልጣኙ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና በሚመጣው ረቡዕ ጨዋታው በእነሱ ሜዳ እንደሆነ፣ በደንባቸው የመስመር ጠባቂ የሚያቀርበው ባለ ሜዳው ቡድን እንደሆነ፣ ሁልጊዜም ሰው እንደሚያጣ ነገረኝ። "አክስቷ ነኝ እኮ" አልኩት። እዚህ ደረጃ ላይ የማንም ወዳጅ ወይም ዘመድ ያልሆነ ሰው ጨዋታ ለማየት እንደማይመጣ ገለጸልኝ። እንግዲህ አቶ ተኽለን አልቆጠራቸውም።

ሐሙስ

ሰዓዳ ከሌሊት ሺፍት የተመለሰችው ጠዋት ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ሻይ ቀዳሁላት።

"እሺ እትዬ። ፍርዱስ?"

"አላለቀም።"

"ምኑ ነው የማያልቀው? አይተዋት መጥተው የለ?"

"አንድ ምስክር ይቀረኛል። አንቺ።"

"እኔ? እኔ ረቡዕ ከሰዓት ሥራ ነኝ። ደግሞ ምን አውቅና? ኳስ ወዲህ፣ ኳስ ወዲያ።"

"ሆጤ ድረስ የሮጥሽውስ ስለ ከበሮ ምን አውቀሽ ነው?"

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "እንዴ! ኮንጎዬ!" አለች። "ኮንጎ ጫማዬ የጠፋ ቀን! አንዱ እግሬ ባዶውን ቤት ገባሁ። አባባ ያን ቀን የገረፈኝ አርጩሜ አሁንም ያሳክከኛል።" ሳቀች። ስትስቅ የትሪው ድካም ከፊቷ ወረደ።

"ለምን ነበር የሮጥሽው?"

"እኔ እንጃ።" ከዚያ ሻዩን እያየች "ዞር ብለው እንዲያዩኝ ነበራ" አለች። "ጮኼ ጮኼ እትዬ፣ እትዬ ስል አንዴ እንኳ አልዞሩም።"

"መዞር አይፈቀድም ነበር።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም ሮጥኩ።"

ሻዩን ጨረሰች። ተነሥታ ወደ መኝታዋ ስትሄድ በሩ ላይ ቆመች። "በስንት ሰዓት ነው ያሉኝ?"

ረቡዕ፣ ሁለተኛው

ሰዓዳ የቀን ሺፍቷን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በሌሊት ለውጣ፣ ሌሊቱን ሠርታ ሳትተኛ፣ የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች መጣች። ሂክማ አልተነገራትም ነበር። ሰውነቷን ለማሟሟቅ ስትሮጥ እናቷን አየችና ኳሱ ከእጇ አምልጦ ሄደ። ማሬክ ጮኸባት።

የተመልካቹ ቁጥር በዚያ ቀን አዳራሹን ያጨናነቀ ነበር፤ በእነሱ ልኬት ማለቴ ነው። አቶ ተኽለ "ሕጉ አሁንም አልገባኝም" እያሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊት ረድፍ ላይ፣ ሰዓዳ ከእሳቸው ጎን። በመጀመሪያው ዙር ሰዓዳ አንቀላፋች። በሁለተኛው ነቅታ "የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?" ብላ ጠየቀች፤ አቶ ተኽለ ሌላውን ቡድን አሳዩዋት። እስኪታረም ድረስ ለተጋጣሚ አጨበጨበች።

እኔ ቀይ ባንዲራ ይዤ ጥጌ ላይ ቆሜያለሁ። ከሚገባው በላይ ቀጥ ብዬ የቆምኩ ሳይሆን አይቀርም፤ ዳኛው ዘና እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አልተቀበልኩትም። ዓይኔ መስመሩ ላይ ነው። ያን ከበሮ ካወረድኩ ወዲህ ምንም ነገር በእኔ ተማምኖ አያውቅም ነበር፤ አሁን አንድ ነጭ ቀለም ተማምኖብኛል።

ሁለት ለሁለት ሆነው ወደ አምስተኛው፣ ወደ መጨረሻው ዙር ገቡ። ሰዓዳ እንቅልፏ ጠፍቷል። መቀመጥ ትታለች። "ሂክማ! ሂክሙዬ! ውረጅበት!" የሚል ድምፅ ይሰማኛል። "እትዬ! አዩዋት? እትዬ!" ትላለች መልሳ። አልዞርኩም።

ተጋጣሚዎቹ አንድ ነጥብ ሲቀራቸው እነ ሂክማ ሁለት ይቀራቸው ነበር። ኳሱ ተነሣ። ሂክማ ከኋላ መጥታ ዘለለች፤ ከፍ ብላ የቆየች መሰለኝ። መታችው። ኳሱ በእኔ መስመር ላይ መጣ፤ ማንም አልነካውም፤ ከነጩ ቀለም ወዲህ፣ ከሜዳው ውጭ፣ በአንዲት ጣት ስፋት፣ ወለሉን መታ።

በአንዲት ጣት። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እውነት ለመናገር ባንዲራው በጣም ከበደኝ።

ወደ ላይ አነሣሁት።

ዳኛው ነፋ። ጨዋታው አለቀ። ተጋጣሚዎቹ ተቃቀፉ።

"ምን?!" አለ አንድ ድምፅ። "ምን?! የት ነው የወጣው?!"

ሰዓዳ ናት። ወንበር ተሻግራ ሜዳው ውስጥ ገባች። ሕይወቷን ሙሉ አንቱ ብላኝ የኖረች እኅቴ "ዓይንሽ የት ነው ያለው አንቺ ሴትዮ!" ብላ መጣችብኝ። ከዚያ የሥራ ጃኬቷን ሰብስባ መስመሩ ላይ ተንበረከከች፤ በጣቷ ቀለሙን እየደበደበች "እዚህ! እዚህ ነው ያረፈው! ነጥቡ የኛ ነው!" አለች። ዳኛው በአማርኛ የቀረበለትን አቤቱታ በታላቅ ጨዋነት ሰማ። "ይቅርታ" አለ። "ይቅርታህን እዚያው! ነጥባችንን መልስ!" አለችው። አቶ ተኽለም ምኑም ሳይገባቸው "ሴትዮዋ እውነቷን ነው!" እያሉ ባርኔጣቸውን ያወናጭፋሉ።

ማሬክ በወሬ የሚያውቀውን ነገር ፊቱ ላይ ሞከረው፤ ፈገግ አለ።

ሂክማ መረቡ ሥር ቆማ እናቷን ታያለች። እየሳቀች ነው፣ እያለቀሰችም ነው። መጥታ እናቷን ከወለሉ አነሣቻት።

"እማ፣ ወጥቷል።"

"ዝም በይ! አንቺ ስለ ቮሊቦል ምን ታውቂያለሽ!"

በአውቶቡስ ስንመለስ ሰዓዳ አላናገረችኝም። ለሂክማ ግን ሙሉውን መንገድ አውቶቡሱ ሁሉ እየሰማ አስረዳቻት፤ እንዴት መዝለል እንደነበረባት፣ አራተኛዋ ልጅ እግሯ እንደሚዘገይ፣ በሚመጣው ዓመት አምበል ስትሆን ያቺን ልጅ ከኋላ ማድረግ እንዳለባት። ልጅቷ "አምበል ስሆን?" አለች። እናቷ መስኮቱን እያየች "ታዲያ ማን ሊሆን ነው?" አለች።

የእኔን ፍርድ የጠየቀኝ የለም። ስንት ቀን ያብሰለሰልኩትን ይዤ አገሬ ተመለስኩ።

ዓርብ

ሂትሮው የሸኘችኝ ሰዓዳ ናት። ፍተሻው በር ላይ ጉንጬን ሳመችኝ፤ አንቱታዬም ተመለሰልኝ። "በሰላም ይግቡ እትዬ" አለች። ጥቂት ሄጄ ስዞር አሁንም ቆማለች። አዎ፣ ዞርኩ። እጇን አፏ ላይ እንደ ጥሩምባ አድርጋ ከሰዉ ሁሉ በላይ ጮኸች፤ "ግን ውስጥ ነበር!"

አውሮፕላኑ ላይ ትሪው ሲመጣ ሁሉም ነገር በመስመር ተደርድሯል። የሰላጣው ሰሐን ብቻ ትንሽ ከመስመሩ ወጥቷል። አላረምኩትም።

ደሴ ከገባሁ ክረምቱ አለፈ። አንድ ረቡዕ ምሽት ስልኬ ጠራ፤ ሰዓዳ ናት፤ ድምፅዋ ጎርንኗል።

"አሸነፍን!" አለች ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ።

"እናንተ ረቡዕ ሥራ የላችሁም?"

"ሺፍቴን አስቀይሬያለሁ። አሁን ረቡዕ ኦፍ ነኝ። አቶ ተኽለም ሰላም ብለውዎታል።"

"መስመሩን ማን ጠበቀ?"

"እኔ ነኛ።"

"በአንቺ በኩል የወጣ ኳስ ነበር?"

"የኛዎቹ የመቱት?" አለች ሰዓዳ። "አንድም የለም።"